የውሃው ጆሮ ጠቢ

ሠፈሩ “ጆሮ ጠቢው” ይለዋል። ስሙ ክፉ ስም ነው፤ ጆሮ ጠቢ የሚባለው የሰው ወሬ እየለቀመ ለአለቃ የሚያቀብል ሰው ነው። እሱ ግን የማንንም ወሬ ለማንም አቀብሎ አያውቅም፤ ለሰው ወሬ ትዕግሥቱም የለውም። የሚያዳምጠው ውሃ ነው። በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራው ይህንኑ ነው። ደረቱ ድረስ የምትደርስ ቀጭን ብረት አለችው፤ አንዱን ጫፏን ቫልቭ ወይም መሬት ላይ ይተክላል፣ በሌላው ጫፍ የተገጠመችውን ክብ እንጨት ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከአስፋልቱ ሥር የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ይሰማዋል። “እዚህ ጋ ቆፍሩ” ካለ ይቆፈራል፤ ከአንድ ክንድ በላይ ስቶ አያውቅም።

ሲያዳምጥ አንድ ሕግ አለው። ግራ እጁን ካነሣ ማንም አይናገርም፣ ማንም አይራመድም፣ ሞተር ይጠፋል። ዶማ እንኳ ቀስ ተብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። አንድ ጊዜ ጡሩምባ እየነፋ የመጣ የሙሽራ መኪና ፊት ቆሞ እጁን አነሣ። ሙሽራው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲቆጣ፣ “አንተ ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜ ልክህን ስትጮህ ትኖራለህ፤ ለእኔ ሁለት ደቂቃ ስጠኝ” አለው። ሞተሩን ያስጠፋችው ሙሽሪት ናት ይባላል።

እንዲህ ያለ ቀልደኛ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ያ ሁሉ ልጁ ሳይሞት ነው።

ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ለእናቱ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ትኩሳት ያዘው፣ ሆዱን አመመው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። ሐኪሙ ታይፎይድ ነው አለ፤ ከውሃ የመጣ። ቀብሩ ላይ ሰዉ ሁሉ ያንኑ የሚያውቀውን አለ። “የእግዜር ፈቃድ ነው፤ ምን ይደረጋል።” ሰው የሞተበትን ሰው ማጽናናት ሲያቅተው ነገሩን ሁሉ ወደ ላይ ይወረውርና እጁን አራግፎ ይሄዳል። አባትየው ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ከዚያ ታናሽ ወንድሙ ሊናገር ተነሣ። ታናሽ ወንድሙ ሰባኪ ነው፤ እዚያው ሠፈር ውስጥ የጸሎት አዳራሽ አለው። እንደሌላው ሰው አጭር አልተናገረም። ተናግሮ ተናግሮ መጨረሻው ላይ፣ “ፈጣሪ ከአትክልቱ መሐል አብልጦ የወደዳትን አበባ ይቀጥፋል” አለ።

“ሌባ ነዋ” አለ ጆሮ ጠቢው። ጮክ ብሎ አላለውም፤ ሁሉም ግን ሰማው። “የሰው አትክልት ውስጥ ገብቶ የሚቀጥፍ ሌባ ነው የሚባለው።” ከዚያ ሚስቱን እጇን ይዞ ሄደ። ከወንድሙ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንደኛው አስፋልቱን ይሻገራል።

በሳምንቱ ብረቱን ይዞ ወጣና የልጁን ገዳይ ፈለገ። ከቤቱ ደጃፍ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ አገኘው። የውሃ ቧንቧው ተሰንጥቋል፤ ከጎኑ ደግሞ የፍሳሽ ቱቦ ያልፋል። በዚህ አላበቃም። መሥሪያ ቤት ገብቶ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ያ ቦታ እንደሚያፈስ ከስምንት ወር በፊት አንድ ነዋሪ አመልክቶ ነበር። ማመልከቻው መሳቢያ ውስጥ ነው የተገኘው፤ ከላዩ የብርጭቆ ክብ አርፎበታል። ያንን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ የከተተው እግዜር አልነበረም። መነጽር ያደረገ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ቆጥሮ የሚቀበል፣ ቀብሩ ላይም መጥቶ “የእግዜር ፈቃድ ነው” ያለ ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግዜር የለም አለ። በቃ የለም። የሚጠየቅ ሰው ብቻ ነው ያለው። “ደኅና አደርክ?” ሲሉት “እግዜር ይመስገን” ማለትን እንኳ ትቶ “አድሬአለሁ” ይላል። ሚስቱ እሑድ እሑድ ተነሥታ ወደዚያ ወደ ወንድምየው አዳራሽ ትሄዳለች፤ አልከለከላትም፣ ብቻ በሩ ላይ ስትደርስ፣ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ይላታል። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች። ልጁ ከሞተ በኋላም “አባቱ” ብላ ነው የምትጠራው፤ እሱም “እናቱ” ይላታል። ሌላ ስም የላቸውም።

ዓመቱ እንዲህ ሲነጉድ ቀኝ ጆሮው ደከመ። እሱ ለማንም አልተናገረም፤ ብረቷን ወደ ግራ ማዞሩን ግን ሁሉም አየ። መሥሪያ ቤቱም ሽቦና መስኮት ያለው አዲስ የማዳመጫ መሣሪያ ገዛ። የጥገና ክፍል ኃላፊው መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ ሲንጎራደድ ላየው፣ ውሃን ራሱ የፈጠረው ይመስላል። ለጆሮ ጠቢው ጡረታ አራት ወር ቀርቶት ነበር። ብረቷ ከበሩ ጀርባ ተደግፋ ትውላለች።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ የምትኖረው ከጸሎት አዳራሹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ አዳራሹንም የምታጸዳው እሷ ናት። ያን ዕለት ግን ወለሉን ሳትነካ ቆመች።

“አባቴ፣ ልጄ ታማብኛለች።”

“ምኗን?”

“ትኩሳት ነው። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ። ሆስፒታል አስገብቻታለሁ። እዚያው አካባቢ ያሉ ሌሎች አራት ልጆችም ተኝተዋል።”

ጆሮ ጠቢው በልቡ ቆጠረ፤ የእሱ ልጅ የሞተው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። “ከየት ነው የምትጠጣው?” አላት።

“ከአዳራሹ ግቢ ቧንቧ ነዋ። እሑድ ቀድተን እናስቀምጣለን፤ ልጆቹ ሁሉ ከዚያ ነው የሚጠጡት።” ከዚያ ቀና ብላ አየችው። “ጸልዩልኝ አልልዎትም፤ እንደማይጸልዩ አውቃለሁ። የሚጸልይልኝ ሰው ሞልቷል። እርስዎ ግን ውሃውን ያዳምጡልኝ።”

ይህን ብላ ወለሉን መጥረግ ጀመረች። እሱም ተነሥቶ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባ። በሩን አላንኳኳም።

ኃላፊው ነገሩን ሰምቷል። ሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ነበርና ባለፈው ረቡዕ በመሣሪያው አስለክቷል። “ምንም የለም” አለ። “መስመሩ ንጹሕ ነው።”

“ረቡዕ?” አለ ጆሮ ጠቢው። “በአዳራሹ በኩል ያለው መስመር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፤ እሑድ ጠዋት ብቻ። ረቡዕ ለት ቧንቧው ባዶ ነው። የሞተ ሰው ደረት ላይ ጆሮህን ለጥፈህ ‘ሳል የለበትም’ ትላለህ?”

“መሣሪያው የመጨረሻው ዓይነት ነው።”

“መሣሪያው ምን አደረገ? ጥፋቱ የአንተ ነው። ስማኝ፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ ውሃ ሲኖርበት ያፈሳል፣ ውሃ ሲጠፋበት ይጠጣል። አጠገቡ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ ይምገዋል። እናንተ ደግሞ የሚያፈሰውን እንደመጠገን ውሃውን ትዘጋላችሁ። ባጠፋችሁ ቁጥር ታጠጡታላችሁ።”

“እርስዎ ደክመዋል” አለ ኃላፊው፤ በጨዋነት፣ ያውም ፈገግ ብሎ። “ጆሮዎም እንደ ድሮው አይደለም። ትክክለኛው ቦታ ሳይታወቅ የሰው ግቢ ገብቼ አልቆፍርም። ለማንኛውም ሰዉ ውሃ እያፈላ ይጠጣ ብለን ማስታወቂያ እንለጥፋለን። የቀረው የእግዜር ነው።”

ጆሮ ጠቢው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አንሥቶ አየው። ከሥሩ ወረቀት ላይ የውሃ ክብ አርፏል። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ከሰከሰውና ወጣ። ጽዳት ሠራተኛዋን ስብርባሪውን ስላስለቀማት ብቻ ኋላ ይቅርታ ጠየቃት።

ያን ሳምንት ቤት ለቤት እየዞረ “አፍልታችሁ ጠጡ” አለ። አንዳንዱ እሺ አለ፤ አንዳንዱ “ጆሮ ጠቢው ደግሞ ሐኪም ሆነ” ብሎ ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዓርብ ለት ስድስተኛ ልጅ ተኛ።

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። ጆሮ ጠቢው ብረቷን ይዞ ከአዳራሹ አጥር ውጭ ያለው ቫልቭ ላይ ተንበረከከ። ግራ ጆሮውን ለጠፈ። አለ! ቀጭን፣ ሩቅ፣ ሽሽሽ የሚል። ጤነኛ ቧንቧ ዝም ይላል፤ ይህ ግን ዝም አላለም። ድምፁ ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ወደ ውስጥ ተከተለው። በግቢው አለፈ፣ በልጆቹ ቧንቧ በኩል አለፈ፤ ድምፁ ወደ አዳራሹ ግድግዳ ሄደና ከግድግዳው ሥር ገባ። ከዚያ በላይ መከተል አልተቻለም፤ ውስጥ ኪቦርድ ይመታል፣ ድምፅ ማጉያ ያስተጋባል፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጉሮሮ ይዘምራል። ውሃው ስድስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ዛሬ ካልተገኘ ቧንቧው ሌላ ሳምንት ሙሉ ቆሻሻ ሲጠጣ ይከርማል፣ ልጆቹም እሱን ይጠጣሉ።

ከሁሉ ያናደደው ይህ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ በር ሌላ በር አልነበረም ወይ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ደጃፍ ላለማለፍ መንገድ ሲያዞር ኖሯል። ቆሞ ግድግዳውን በእርግጫ መታው። ከዚያ ገባ።

በመቀመጫዎቹ መሐል ብረቷን እንደያዘ ሲራመድ መዝሙሩ እየተንጠባጠበ ቆመ። ሚስቱ ከኋላ ረድፍ ሆና አፏን በእጇ ያዘች። መድረኩ ላይ ወንድሙ መጽሐፉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ፣ ከፊት ረድፍ ዘሎ ተነሣና ሁለት እጁን ዘረጋ።

“ተመስገን! ወንድማችን፣ እንኳን ወደ ቤቱ መለሰህ! ሁላችንም ስንጸልይልህ ነበር!”

ከወዲያም ከወዲህም “አሜን” ተባለ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች።

“የመጣሁት ውሃ ልፈልግ ነው” አለ ጆሮ ጠቢው፤ የተዘረጉትን እጆች በብረቷ ገፋ እያደረገ። “እናንተ የጸለያችሁለትን ሰው ሌላ ቦታ ፈልጉት።”

ከዚያ ግራ እጁን አነሣ።

ማንም አልገባውም። አንዳንዱ እየባረከን ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ኪቦርዱ መሐል ላይ ስቶ አንድ ድምፅ አወጣ። ሰብሳቢው “ወንድማችን፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ብለን…” ማለት ሲጀምር፣ ወንድምየው ከመድረኩ ላይ እጁን ወደ ድምፅ ማጉያው ሰደደና ጠቅ አድርጎ አጠፋው። እሱ ያቺን እጅ ያውቃታል። ወንድሙ ገና ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ ኋላው ኋላው እየተከተለ መንገደኛውን ዝም የሚያሰኝለት እሱ ነበር።

“ዝም በሉ” አለ ሰባኪው። “እግራችሁንም አታንቀሳቅሱ። የሚያለቅስ ሕፃን ያለው ይዞት ይውጣ። ጋሼ እያዳመጠ ነው።”

ሁለት መቶ ሰው ዝም አለ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሆኖ አያውቅም፤ ጸሎት ሲባል እንኳ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ጆሮ ጠቢው ብረቷን ሴራሚኩ ላይ ተከለ። ከግድግዳው ተነሥቶ ረድፍ በረድፍ ሄደ፤ ሲቀርብ ሰዎቹ እግራቸውን እያነሡ ያሳልፉታል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ፈራ። በጆሮው ሽሽሽ የሚለው ውሃው ይሁን የገዛ ደሙ አላወቀም። አርጅቻለሁ አለ በልቡ፤ ኃላፊው እውነቱን ነው። ላቡ በአንገቱ ወረደ። እንደገና አጎነበሰ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ጠበቀ። ሰዉም አብሮት ጠበቀ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄደና ከመድረኩ ደረጃ ሥር ብረቷን ተከለ።

“እዚህ ነው” አለ።

ሰብሳቢው ሳል ቢጤ ሳለ። “መሣሪያው ረቡዕ ለት ምንም የለም ብሏል። ይህን ወለል ምእመኑ በጀርባው አሸዋ ተሸክሞ ነው ያነጠፈው። ዓመት አልሞላውም። በአንድ ሰው ጆሮ… ያውም እሱ ራሱ በማያምን ሰው…”

ወንድምየው ከመድረኩ ወርዶ ኮቱን እያወለቀ ነበር። “ሃያ ዓመት ሙሉ ያላያችሁትን እመኑ ስላችሁ ኖሬአለሁ” አለ። “ይሄኛው ጥልቀቱ ክንድ ተኩል ነው። ዲጂኖ አምጡ።”

የመጀመሪያውን ሴራሚክ የሰበረው ራሱ ነው። መስበክ እንጂ መቆፈር አያውቅም፤ ሦስቴ እንደመታ መዳፉ ተላጠ። ጆሮ ጠቢው ዲጂኖውን ቀማው። ከዚያ ወንዶቹ ተነሡ፣ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፤ ሴቶቹ ድንጋዩን በእጅ በእጅ እያቀበሉ አወጡ። ክንድ ተኩል ላይ አፈሩ ጭቃ ሆነ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ከዚያ ቧንቧው ታየ፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለበት፣ ውሃው ሽሽሽ እያለ ይረጫል። ከላዩ ላይ ደግሞ፣ ተኝቶበት፣ አንድ የፍሳሽ ቱቦ ያልፋል። አዲስ ነው። ገና ፋብሪካው ያተመበት ጽሑፍ አልለቀቀም። አዳራሹ ሲታደስ ለምእመኑ የተሠራው መጸዳጃ ቤት ቱቦ ነው። መገጣጠሚያው ሳይጠብቅ ተቀብሮ፣ ጠብ ጠብ እያለ ስንጥቁ ላይ ይወርዳል።

ጉድጓዱ ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሰብሳቢውን አየ። ያስቀበረው እሱ ነበር። ሰብሳቢው ፊቱ አመድ መሰለ። “የጠላት ሥራ ነው” አለ። “ሰይጣን የእግዜርን ቤት… ደግሞም እሱ ካልፈቀደ የሚሆን ነገር የለም፤ ለበጎ ነው…”

ጆሮ ጠቢው ዲጂኖውን ጣለው።

“ሰይጣን?” አለ። “ሰይጣን አካፋ አለው? ይሄን ቱቦ ሰይጣን ነው ከሱቅ ተሸክሞ ያመጣው? አንተ ነህ! ከሥር የውሃ መስመር አለ ወይ ብለህ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅክም። ስድስት ልጅ አስተኝተህ ለበጎ ነው ትላለህ? እስቲ ልጆቹ የተኙበት ክፍል ገብተህ ለእናቶቻቸው ንገራቸው! ስታጠፉ ሰይጣን ነው፣ ልጅ ሲሞት እግዜር ነው። እናንተ መቼ ነው ያላችሁት? እናንተ የት ነው የምትገቡት?”

ሰብሳቢው ወደ ኋላ ሸሸ። ጆሮ ጠቢው ግን ገና አልጨረሰም። ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ቆሟል፤ ፊቱን ከሰዉ ላይ አነሣና ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ዞረ።

“አንተስ?” አለ። ድምፁ ተሰበረ። “አንተስ ምን ትላለህ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምህን መሳቢያ መዝጊያ ሲያደርጉት ዝም አልክ። ልጄን እሱ ነው የወሰደው ሲሉህ ቆመህ ሰማህ። ስሙን እንዲህ የሚያጠፉት ሰው አልወሰድኩም አይልም? አንድ ቃል እንኳ አይወጣውም? ያን ጊዜ የት ነበርክ? አጠገቡ አሥራ አንድ ቀን ተቀምጫለሁ፤ የት ነበርክ አንተ?”

ሰብሳቢው ለጸሎት አፉን ከፈተ። አንድ ሁለት ሰው “ጌታ ሆይ” ሊል ተነፈሰ። ያን ጊዜ ሰባኪው የተላጠች ግራ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

ሁሉም ዝም አለ። የሚሰማው የውሃው ሽሽሽ ብቻ ነበር። እጁ እንደተነሣች ቆየች፤ ሰባኪው ራሱም፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ምንም አልተናገረም።

ጆሮ ጠቢው በዚያ ዝምታ ውስጥ የገዛ ቃሉን ሰማ። የለም ሲለው የኖረውን “አንተ” ብሎ ጠርቶታል። ደግሞ ዛሬ የጀመረው ነገር አልነበረም፤ ፊቱን ሲላጭ፣ መንገድ ሲሄድ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያጉረመርም የኖረው ለማን ነው? ከሌለ ሰው ጋር ማን ይጣላል? ይህ ሲገባው ደስ አላለውም። ቱግ አለ። በገዛ እግሩ መጥቶ የተያዘ ሰው እንደሚናደድ ተናደደ። በዚያች ዝምተኛ ሴት አስጠርቶ፣ በውሃ እየጎተተ፣ ከዚህ ሁሉ በር በዚህኛው ያስገባው ማን ነው?

“ጋሼ” አለ ወንድሙ ቀስ ብሎ፤ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር። “ያን ቀን ስለ አበባ የተናገርኩትን… እሱ አልነገረኝም። ዝም ማለት ፈርቼ ነው የተናገርኩት።”

“ውሸታም።”

“አዎ።”

ጆሮ ጠቢው ቀና ብሎ አየው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ይህን አላየም ነበር። “አካፋውን አቀብለኝ” አለው።

ቫልቩን ራሱ ሄዶ ዘጋ። ስንጥቁ በማግሥቱ ተጠገነ፣ መስመሩ ታጠበ፣ የመጸዳጃው ቱቦ ተነቅሎ በሌላ በኩል ወጣ። ኃላፊው “ከቡድናችን ጋር ባደረግነው ጥረት” የሚል ሪፖርት ጻፈ። ይጻፍ። ሰብሳቢው ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ የልጆቹን አልጋ ሲዞር ታየ፤ ከአፉ ግን “ለበጎ ነው” የሚል ቃል አልወጣም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ዳነች። ሌሎቹም ዳኑ። አንድ ቀን እናቷ ቢሮ ይዛት መጣች፤ ቀጭን ሆናለች፣ ፀጉሯ ረግፏል፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ጆሮ ጠቢውን ሳሚው ስትባል እምቢ አለችና ከበሩ ጀርባ ያለችውን ብረት አየች። ወስዶ ግቢው ውስጥ ያለው ቫልቭ ላይ ተከለላትና እንጨቱን ጆሮዋ ላይ ለጠፈላት።

“ምን ይላል?” አላት።

ዓይኗን ጨፍና ቆየች። “ምንም አይልም። ዝም ነው።”

“ዝም ካለ ጤነኛ ነው ማለት ነው” አላት። ይህን ካለ በኋላ ግን ቆሞ ቀረ፤ ልጅቷ ብረቷን መልሳ እስክትሰጠው ድረስ።

ያን ሌሊት እንዴት እንደተኛ እሱ ያውቃል። ጠዋት ሚስቱ ማድ ቤት ዕቃ ታጥባለች፤ እሱ በመስኮቱ አጠገብ ባለው መስተዋት ፊቱን ይላጫል። ቧንቧው ይንፏፏል። እሷ ጀርባዋን እንደሰጠች ድምፁን ሰማች፤ እንደወትሮው ጉርምርምታ አልነበረም፣ ቃል ነበር።

“ይቺን አተረፍክ። እሺ፣ ይሁን። ደግ አደረግክ። የእኔንስ? እሱስ ምን አጎደለብህ? ከእሷ በምን አነሰ? ዛሬ ሳትነግረኝ አልለቅህም።”

“አባቱ” አለች። “ከማን ጋር ነው የምታወራው?”

ምላጩን አወረደ። ግማሽ ፊቱ ላይ አረፋ አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

“ከእሱ ጋር።”

“ከማን?”

“ታውቂዋለሽ” አለ፤ በቁጣ። “ዝም በዪ እስቲ። አልጨረስኩም።”

ሚስቱ እጇን አደራረቀች። ተመስገን አላለችም፣ አላለቀሰችም። እንዲደማመጡ ብላ ቧንቧውን ዘጋችና ወንበሯን ስባ በቀስታ ተቀመጠች።